የልጅ ልጄን ይዤ የገባሁበት በር

ከጃፓን ከተመለስኩ ወዲህ ኮልፌ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እስቲ ንገሪን» ይለኛል። ስነግረው ግማሹን እረሳለሁ፤ ግማሹን ደግሞ ፈርቼ እዘለዋለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም ቀስ ብዬ ብጽፈው ምንም አልዘልም ብዬ ብዕር አነሳሁ።

አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ ሙሉ ትባላለች። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ቤቱን የምንሞላው እሷና እኔ ነበርን። ኬንጂ የሚባል ጃፓናዊ የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር መጣና እሷ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ተዋወቁ። በማዘጋጃ ቤት ተፈራረሙና ይዟት ሄደ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አማርኛ ይናገራል፣ ሽሮ ይበላል። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ወንድ ልጅ መገላገሏን የሰማሁ ዕለት እልል ብዬ ሳልጨርስ «በአርባ ቀኑ ማን ክርስትና ያነሳዋል?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሙሉ በስልክ እንደነገረችኝ በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያናችን የለም። ይባስ ብሎ ሕፃኑን በወሩ፣ ማለት ከአርባው ቀን በፊት፣ እነሱ ወደሚያመልኩበት ቦታ ሊወስዱት ነው።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። አባ አዳመጡኝና፣ «ክርስትናው እዚህ ያመጣችው ቀን ይሆናል። አንቺ ግን ወደዚያ ቤት እንዳትገቢ። ልጁንም በእጅሽ እንዳታስገቢ» አሉኝ። ከዚያ ጥቁር የማተብ ክር አውጥተው ሰጡኝ። «ሲጠመቅ ይታሰርለታል። እስከዚያ እናቱ ዘንድ ይቀመጥ።»

ክሩን በመሐረቤ ጫፍ ቋጥሬ ይዤው ዞርኩ። አራሷን ልጠይቅ ከአገር የምወጣበት ፈቃድ ቀበሌ ለቀበሌ፣ ቢሮ ለቢሮ ሲንከባለል ቀኑ ነጎደ። በመጨረሻ የሰጡኝ ፈቃድ አጭር ነው፤ ያውም በዋስ።

ማክሰኞ የተነሳሁበት ቀን ነው። ዋስ የሆነችልኝ ዘነበች፣ ኮልፌ ገበያ ድንች የምትሸጥ ጎረቤቴ፣ ከነጋ ጀምሮ ሻንጣዬን ስታስፈታኝና ስታስዘጋኝ ዋለች። የገንፎ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በጠርሙስ የነጠረ ቅቤ፣ ለሕፃኑ ጋቢ ይዣለሁ።

«አንቺ ካልተመለስሽ የምታሰረው እኔ ነኝ» አለችኝ።

«እመለሳለሁ አልኩሽ እኮ።»

«እሱማ ትመለሻለሽ። ብትቀሪ ግን እስር ቤት ስንቅ የሚያመላልስልኝ ሰው እንኳን የለኝም። ያለሽኝ አንቺ ነበርሽ።»

ቀልዷ እንዲህ ነው፤ ስትፈራ ደግሞ ይብስባታል። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ብለን በጊዜ አንድ ሴቼንቶ ታክሲ ተከራየን። አየር ማረፊያው በር ላይ ሳመችኝና ዞር ሳትል ሄደች።

አውሮፕላን ላይ ሥጋ አመጡልኝ። የገና ጾም ስለሆነ ዳቦውን ብቻ በላሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የእኔንም ሥጋ ጨምሮ በላው፤ ቢያንስ አልተጣለም ብዬ ተጽናናሁ።

ረቡዕ ቦምቤይ ሌላ አውሮፕላን ስጠብቅ ዋልኩ። ሻንጣዬን ታቅፌ ከወንበሬ አልነሳም አልኩ፤ ብነሳ የምመለስበት የሚጠፋኝ መሰለኝ። ሽንት ቤት እንኳን አልሄድኩም። ወለል የምትወለውል አንዲት ሴት ስታልፍ ስትመለስ አይታኝ ኖሮ፣ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ እጄን ያዘችና ወሰደችኝ። በር ላይ ሻንጣዬን ይዛ ጠበቀችኝ። ስንመለስ ወተት የተቀላቀለበት ሻይ አመጣች። በጾም ወተት አልጠጣም፤ እንዴት ብዬ ላስረዳት? እጄን ልቤ ላይ አድርጌ አመሰገንኳትና ብርጭቆውን እስኪቀዘቅዝ ይዤው ቆየሁ። እስከ ዛሬ ያንን ሻይ ባለመጠጣቴ ይከፋኛል።

ሐሙስ ደረስኩ። ቅቤዬን ፈታሾች ወሰዱት። ጠርሙሱን ወደ መብራት አንስተው እያዩ ሲነጋገሩ ደግ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። ደጅ ኬንጂ ወፍራም ካፖርት ይዞ ቆሟል።

«እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለኝ።

«ቅቤውን ወሰዱብኝ፣ ልጄ።»

«ሙሉ ታለቅሳለች» አለና ሳቀ፤ ካፖርቱን ደረበልኝ።

ከዚያ በባቡር ሄድን። ባቡሩ ሰው ሞልቶ ማንም አይናገርም። በእኛ ውይይት ታክሲ ከአስኮ ኮልፌ እስኪደረስ የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ድግስ እንደደረሰ ሰምተሽ ነው የምትወርጂው። እዚያ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ታመው ይሆን ብዬ ስጨነቅ፣ መውረጃቸው ሲደርስ ተነስተው ወረዱ።

ቤታቸው ባሕር ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ ከእንጨት የተሠራ። እኛ ግድግዳችን ላይ ጋዜጣ እንለጥፋለን፤ እነሱ በሩን ራሱን ከወረቀት ይሠሩታል። መግቢያው ላይ ዝቅ ያለ ቦታ አለ፣ ጫማ እዚያ ይወልቃል። የኬንጂ እናት ወይዘሮ ፉሚ ከእኔ አጠር ያለች፣ ቀጭን ሴት ናት። ተንበርክካ ግንባሯን ወለል እስኪነካ ሰገደችልኝ። ደነገጥኩ። ለሰው እንዲህ አይሰገድም ብዬ በትከሻዋ አነሳኋትና ጉንጯን እያገላበጥኩ ሳምኳት። እንደ እንጨት ደርቃ ቀረች። ሙሉ ከውስጥ ሆና «እማዬ፣ ልቀቂያት» ስትል ነው የተውኳት።

ሕፃኑ ተኝቷል። አፍንጫው የባለቤቴ ነው። «ማሙሽ» አልኩት፤ እስክመለስም ሌላ ስም አልጠራሁትም።

ዓርብ ጠዋት ገንፎ ላገነፋ ተነስቼ ወደ መግቢያው ባይ፣ ጫማዬ ዞሯል። ማታ አፍንጫውን ወደ ቤት አድርጌ ነበር የተውኩት። አሁን ወደ ደጅ ዞሮ፣ ጎን ለጎን ተገጥሟል። መልሼ ወደ ውስጥ አዞርኩት። ከቀትር በኋላ ሳየው እንደገና ወደ ደጅ ዞሯል። ቅዳሜም እንደዚያው። ኮልፌ አንድ ሰው ጫማሽን አንስቶ ወደ በር ቢያዞርልሽ ትርጉሙን ማንም ይነግርሻል። ሂጂልን ማለት ነው። ለሙሉ አልነገርኳትም፤ አራስ አይነገራትም። ጫማዬን ብቻ ወደ ውስጥ እያዞርኩ ከረምኩ።

የሚገርመው በሌላው ሁሉ ወይዘሮ ፉሚ ትንከባከበኛለች። እንደምጾም ስትሰማ ሙሉን አስተርጓሚ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«እንቁላልስ?»

«አልበላም።»

«ዓሣስ?»

«ዓሣም።»

ሄደች። በማግስቱ ሩዝ፣ የተቀቀለ ነጭ ሥር፣ ደግሞም ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ የሚመስል ነገር አቀረበች። አይብ ነው ብዬ ገፋሁት። እሷም አኩሪ አተሩን በመዳፏ ይዛ አሳየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን እንደሠራች ጥሬውን ከሳህኑ አጠገብ ታስቀምጥልኝ ነበር። እንዲህ የምታስብ ሴት ጫማዬን ወደ ደጅ ታዞራለች፤ አልገባኝም።

በቀጠሉት ቀናት ዝናብና በረዶ ይቀላቅል ነበር። ደወል የለም፣ አዛን የለም፣ ውሻ የለም፣ «ቤቶች!» ብሎ የሚገባ ጎረቤት የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ ሙሉ አጠገቤ ተኝታ በእንቅልፏ ስትናገር ሰማኋት። የተናገረችው በእነሱ ቋንቋ ነው። ጸጉሯን እየዳበስኩ ትንሽ ትንሽ አለቀስኩ። ስትነቃ ምን ሆንሽ ብትለኝ ሽንኩርት አልኳት። ሽንኩርት ግን በቤቱ አልነበረም።

በዚያ ሳምንት የወይዘሮ ፉሚ ታላቅ እህት ሞተች። ሄዳ ቀብራ ጥቁር ለብሳ ተመለሰች። ሰው ለለቅሶ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ የመጣ የለም። ስለዚህ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቃል የለንም። ረጅም ጊዜ ተቀመጥን። ስነሳ እጇን በእጄ ላይ አድርጋ ቆየች።

ኬንጂ፣ በለቅሶው ምክንያት፣ ማሙሽ ወደሚያመልኩበት ቦታ የሚወሰድበትን ቀን እናስተላልፈው ብሎ ነበር። እናቱ የእኔ ፈቃድ እንደሚያልቅ ታውቃለች፤ አያቱ ሳይኖሩ አይሆንም አለች። እኔ ደግሞ በሆዴ ሌላ ነገር አሰናድቻለሁ። እዚያ ስንደርስ እግሬን ያመኛል ብዬ ደጅ እቆማለሁ። ልጁን እነሱ ያስገቡታል፤ በእኔ እጅ አይሆንም።

በሳምንቱ እሑድ ሄድን። ቦታውን ጂንጃ ይሉታል፤ ሃይማኖቱም ሺንቶ ነው። የሰፈሩ ጂንጃ ከተማው ራሱ ሳይኖር የነበረ ነው ይላሉ። ኬንጂ በመንገድ ላይ ነገረኝ። የተወለደ ልጅ ሁሉ በወሩ እዚያ ይወሰዳል፤ የቦታው ጠባቂ እንዲያውቀው ነው። ሲያድግም፣ ሲያገባም ይመላለስበታል።

«ሲሞትስ?» አልኩት።

«ሲሞት እዚህ አይደለም እማማ። ለሞት ሌላ ቤት አለን፤ የቡድሃ። ሞት እዚህ አይገባም።»

ይህ ነገር አሳዘነኝ። እኛ ክርስትና የተነሳንበት ቅጥር ውስጥ ነው የምንቀበረው። ባለቤቴም ቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ነው ያረፈው፤ ልጃችን ከተጠመቀችበት ትንሽ ራቅ ብሎ። ለመምጣትና ለመሄድ ሁለት ቤት የሚያስፈልግ መሆኑን አላውቅም ነበር።

በሩ የሚገርም ነው። ሁለት ወፍራም ግንዶች ቆመው ከላይ አግዳሚ ተጋድሞባቸዋል። መዝጊያ የለውም። ግራና ቀኙም አጥር የለውም፤ በጎን ማለፍ ይቻላል፣ ግን በጎን የሚያልፍ አላየሁም። ከበሩ ወዲያ ጠጠር መንገድ፣ ሰማይ የሚሸፍኑ ዛፎች፣ ከሁሉ ትልቁ ዛፍ ላይ ወፍራም የገለባ ገመድ ታስሮ ነጭ ወረቀት ተንጠልጥሎበታል። ከአስኮ ወደ ቡራዩ በኩል ቅቤ የሚቀባውን ዛፍ አስታወሰኝና አማተብኩ።

ማሙሽን ወይዘሮ ፉሚ ነበረች የያዘችው። በላዩ ጭልፊት የተሳለበት የሐር ልብስ ተደርቦበታል፤ የልብሱ ማሰሪያ በአያት ትከሻ ዞሮ ይታሰራል። ከተወለደ ጀምሮ እያወጣች ስትተኩሰውና ስታጥፈው ነበር የከረመችው። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ማሰሪያውን ፈታችና ልጁን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«እማዬ፣ አንቺ ያዥው ነው የምትለው» አለች ሙሉ።

«እኔ?»

«እህቷ ስለሞተች እሷ አታልፍም። ሞት የነካው ሰው አይገባም። እኔ ደግሞ አራስ ነኝ፤ እነሱም ዘንድ አራስ አትገባም፣ እኛም ዘንድ አትገባም። በሁለቱም አገር ደጅ ቀረሁልሽ።»

«ኬንጂ ይያዘው።»

«የሚይዘው አያት ነው። ሥርዓቱ ነው።»

እግሬን ያመኛል ልል የተዘጋጀሁት ጠፋኝ። «አባ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ። አልገባም» አልኳት።

ሙሉ አንገቷን ደፋች። ኬንጂ ሰምቷል። «ይቅር፣ ቤት እንመለስ» አለ፤ ፊቱ ግን ቀልቷል። ወይዘሮ ፉሚ ምን እንደተባለ ጠየቀች። ሙሉ ቀስ ብላ ነገረቻት። የምትቆጣ መሰለኝ። አልተቆጣችም፤ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች።

«ካህናቸው ከከለከሏቸው ይቅር ትላለች» አለች ሙሉ። «እኔም እዚህ የቆምኩት ስለተከለከልኩ ነው ትላለች።»

በሩን አየሁት። ዘበኛ የለውም። ብታልፍ የሚያያት፣ የሚጠይቃት የለም። ያንን ልብስ ወር ሙሉ ስትተኩስ ቆይታ፣ ክፍት በር ፊት ለፊት በገዛ እጇ ደጅ ቀርታለች። ሰው የማያየውን ነገር ፈርታ ደጅ የምትቆም ሴት አውቃለሁ። ንጹሕ ባልሆንኩባቸው ቀናት ቅዳሴውን ከቅጥር ውጭ ቆሜ ስሰማ ማንም አስገድዶኝ አያውቅም። ስለ እነሱ አምላክ ብዬ አይደለም። ስለ እሷ ነው። በደል ከሆነም በእኔ ላይ ይሁን ብዬ፣ «አምጪው» አልኩ።

ማሰሪያውን በነጠላዬ ላይ አዙራ አሰረችልኝ። መራመድ ስጀምር እግሬ የለመደውን አደረገ፤ በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ።

«እማማ፣ እዚህ በጫማ ነው የሚገባው» አለ ኬንጂ። «ጠጠሩ በረዶ ነው።»

«በጫማ ቅጥር አልገባም፣ ልጄ» አልኩት። ጣዖት ቤት ነው ብዬ ስፈራ የከረምኩት እኔ ይህን ማለቴን ያስተዋልኩት ካለፍኩ በኋላ ነው።

ጠጠሩ እንደ እሳት ፈጀኝ። ሰው ሁሉ እግሬን ያያል። በድንጋይ ገንዳ ውሃ ይፈሳል፤ ኬንጂ በእንጨት ጭልፋ ቀድቶ እጄን አስታጠበኝ። ጸበል መስሎኝ ለማሙሽ ግንባር ልነካለት ብዬ ተውኩት። ቤቱ ውስጥ ሣር በሚመስል ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ካህኑ ነጭ ለብሰው፣ ረጅም ጥቁር ቆብ አድርገው ገቡ፤ ከበሮ ተመታ። ዓይኔ ጣዖቱን ፈለገ። ምስል የለም፤ ከጨለማው ውስጥ አንድ መስታወት ብቻ ያበራል። ካህኑ ነጭ ወረቀት የተንጠለጠለበትን በትር እንደ ጭራ በላያችን አወዛወዙና ረጅም ጸሎት አነበቡ።

«ምን ይላሉ?» አልኩት ኬንጂን።

«እኔም ብዙው አይገባኝም። የድሮ ቋንቋ ነው።»

ይህን ሲለኝ ልቤ ትንሽ ረጋ። እኔም ግዕዙ አይገባኝም፤ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ኬንጂ ሲሰግድ ማሙሽን ቀና አድርጌ ይዤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። መሐል ላይ ማሙሽ አነጠሰው። «ይማርህ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ካህኑ አንድ ጊዜ ቆም አሉ። ከዚያ ቀጠሉ።

ስንወጣ እግሬ ደንዝዟል። ወይዘሮ ፉሚ በሩ ማዶ ቁጢጥ ብላ ትጠብቀኛለች። ጫማዬ ፊቷ ነው፤ እንደገና ወደ ውጭ ዞሯል። የሱፍ ጓንቷን አውልቃ አንዱን በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ጫማ ውስጥ ከታዋለች። እግሬን በመሐረቧ ጠረገችልኝ፣ አንድ በአንድ። በጸሎተ ሐሙስ ካህን ካልሆነ በቀር እግሬን የነካ ሰው የለም። ጫማው ውስጥ ስከተው ይሞቃል።

ያን ጊዜ አላስቻለኝም። «ሙሉ፣ ጠይቂልኝ። ለምንድን ነው ጫማዬን ወደ ደጅ የምታዞረው?»

ሙሉ አየችኝ። «እማዬ፣ እሱ እኮ ክብር ነው። እንግዳ ሲወጣ ዞሮ እንዳይቸገር፣ እግሩን ከቶ እንዲሄድ ነው። ምን መስሎሽ ነበር?»

«ሂጂልን።»

ሙሉ ስትተረጉምላት ወይዘሮ ፉሚ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ መለሰች፤ አሁን ሙሉ ራሷ እየሳቀች ነበር። «እኔ ባዞርኩት ቁጥር መልሰው ያዞሩታል። ተቀይመውኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ ትላለች።»

ያን ቀን ማታ ወይዘሮ ፉሚ ትንሽ የእንጨት ሣጥን አምጥታ ከፈተችልኝ። በጥጥ ውስጥ ደረቅ ነገር አለ። የማሙሽ እትብት ነው። ደነገጥኩ።

«አልቀበራችሁትም?»

«እዚህ አይቀበርም፤ ይቀመጣል» አለች ሙሉ። «የኬንጂም አለ።»

እኛ የሰው አገሩ የት ነው ሲባል እትብቱ የተቀበረበት ነው እንላለን። ይህ ልጅ እትብቱ የትም አልተቀበረም። መጀመሪያ ከፋኝ። ኋላ ግን፣ ካልተቀበረ ገና አልተዘጋም ብዬ አሰብኩ። የመሐረቤን ጫፍ ፈታሁና ጥቁሩን ክር አወጣሁ። ሲጠመቅ የሚታሰርለት እንደሆነ ሙሉ ነገረቻት። ወይዘሮ ፉሚ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ ከእትብቱ አጠገብ በጥጡ ውስጥ አስተኛችውና ሣጥኑን ዘጋች።

«እስከ ቀኑ እኔ እጠብቀዋለሁ ትላለች» አለች ሙሉ። ቀጥላም በራሷ ድምፅ፣ «አመጣዋለሁ እማዬ» አለች። መቼ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ ጠዋት ተነሳሁ። ጫማዬ ወደ ደጅ ዞሮ ይጠብቀኛል። የዚያን ቀን እንኳን መልሼ ባዞረው ወድጄ ነበር፤ ፈቃዴ ግን አልቋል፣ ዘነበችም ዋስ ናት። ወይዘሮ ፉሚን ሳምኳት። አሁንም ደረቀች፤ ግን አልሸሸችኝም።

ቤቴ ስደርስ ዘነበች በሬ ላይ ነበረች። «ተረፍኩ» አለችና አቀፈችኝ። አባ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ።

«ሰገድሽ?» አሉኝ።

«አልሰገድኩም።»

«ምን ብለሽ ጸለይሽ?»

«አቡነ ዘበሰማያት። ደግሞ ሲያነጥሰው ይማርህ አልኩ።»

አባ ፊታቸውን ወደ መስቀላቸው ዞር አደረጉ። ከዚያ የሚሰገድ ስግደት ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። ክሩ የት እንዳለም ነገርኳቸው።

አሁን ክረምት ነው፤ የኮልፌ ጭቃ እንደምታውቁት ነው። ዘነበች ማታ ማታ ስትመጣ ኮንጎ ጫማዋን ደጅ ታወልቃለች። አንድ ቀን ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ወጣ ብዬ ጭቃውን ጠረግኩላትና ወደ ውጭ አዞርኩላት። ስትወጣ አየችው።

«ወርቄ፣ ሂጂልኝ ማለትሽ ነው?»

«አይደለም። ስትሄጂ እንዳትቸገሪ ነው፤ እነሱ ዘንድ ክብር ነው።»

«እኔ ልሄድ መጣሁ?» አለች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ወደ ቤት መለሰችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

ቤቴ ለሚገባ እንግዳ ሁሉ ግን አሁንም አዞራለሁ፤ ልማድ ሆኖብኛል። አንድ ቀን ሙሉ ማሙሽን ይዛልኝ ትመጣለች፤ ክሩም ከሣጥኑ ይወጣል። የማሙሽ ትንሿ ጫማ በሬ ላይ ስትወልቅ ግን አላዞራትም። ወደ ቤት እንደዞረች ትደር።